የሁለት አገር ሰም

ጥቅምት 3፣ ሰኞ። ከቀኑ 6፡30

ሦስተኛው ሠንጠረዥ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የእነሱ በቶን ነው። የእኛ ግማሹ በኩንታል፣ ግማሹ በፈረሱላ። አንዱን ወደ ሌላው ስለውጥ ረፈደ። የአውራጃው ጽ/ቤት ባዶ ነው፣ ሁሉም ምሳ ወጥቷል። እኔ ዳቦና ሙዝ ገዝቼ ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ማለቴ ውሸት ነው። አምስት ጊዜ ተነሥቼ መስኮቱ ዘንድ ሄጃለሁ። ከታች የቡና መኪኖች ጡሩንባ። የሚሄድ ሁሉ ያስቀናኛል።

ደብተሬ፣ ሁለት ሳምንት አልጻፍኩብሽም፤ ላስረዳሽ። ከጠ/ግዛቱ ደብዳቤ መጣ። አገራችን ወደ ውጭ የምትልከው የንብ ሰም ከታንጋኒካው ጋር፣ ዓመት ከዓመት ተነጻጽሮ ይቅረብ ይላል። የባሕር ማዶ ገዢዎች የእኛን እየተዉ የእነሱን መጠየቅ ጀምረዋል፤ ምክንያቱ ይጠና። ሥራው ወደዚህ የመጣው ዲላ ሁለት የሰም ማቅለጫ ስላላት ነው። እኔ ላይ የወደቀው ደግሞ እንግሊዝኛ ስለማነብ። አለቃዬ አቶ መንግሥቴ ሁለት ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። አንዱን አይጥ በልቶታል።

ከሁለቱ ማቅለጫ አንዱ የእህቴ መሆኑን ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

አቶ መንግሥቴ ሊወጡ ሲሉ ሌላ ነገር ጣል አደረጉ። ጥናቱ ካማረ፣ ውጭ አገር የስድስት ወር ትምህርት አለ፤ ስምህን አስተላልፋለሁ አሉ። ባርኔጣቸውን እያደረጉ ነው ያሉት፣ እንደ ተራ ነገር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ከሰዓት በኋላ

አለቃዬ ዛሬ ተቆጥተው ገቡ። ወረቀቶቹን ሲያገላብጡ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ታንጋኒካ፣ ከዚያ ወዲያ ታንዛኒያ የሚል አገኙ። ሁለት አገር አወዳድር ተባልን እንጂ ሦስት ማን አለን አሉ። አገሪቱ ከዛንዚባር ደሴት ጋር ተዋህዳ ስሟን እንደ ለወጠች አስረዳሁ። ትንሽ አሰቡና ደሴቱ ላይ ንብ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም። ጠርዙ ላይ «ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ሲወጡ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ለሰም ብሎ ንብ የሚያነብ ሰው የለም። እዚህ ማሩ ከነሰፈፉ ጠጅ ጋን ውስጥ ይገባል፤ ጠጁ ተጠጥቶ የቀረው ሰፈፍ ይቀልጣል፣ ይጨመቃል፣ ሰም ይሆናል። ይህ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ እንደሚለው እነሱም ከዛፍ ልጥ ቀፎ ይሠራሉ፣ ከማሩ መጠጥ ይጠምቃሉ፣ ሰሙ የዚያ ትራፊ ነው። ራት ላይ ለእህቴ፣ ለእትዬ፣ ነገርኳት። እነሱም ይጠጣሉ እንዴ አለች። የሩቅ ዘመድ ወሬ እንደ ሰማች ደስ አላት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ። ጠዋት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። እስከ ወንዙ ድልድይ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ።

ስለ እትዬ ጽፌ አላውቅም። ሁልጊዜ ስላለች ይሆናል። ስሟ ዘነበች ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና መሄድ አልጀመርኩም፤ አባታችን ደግሞ ብዙ አልቆየም። እሷ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እየዞረች ሰፈፍ በቅርጫት ለቅማ መሸጥ ጀመረች። ዛሬ ከገበያው ጀርባ ግቢ አላት። ሁለት በርሜል፣ አንድ መጭመቂያ፣ አራት ሴት ሠራተኞች። ፊደል አልቆጠረችም። የሰም ሙልሙል በእጇ አንሥታ ክብደቱን ስትናገር ሚዛኑ ያረጋግጥላታል እንጂ አይበልጣትም። አግብታ ነበር፤ ሰውየው ልጁን ወይ እኔን ምረጪ አላት አሉ። ልጁ እኔ ነኝ። ይህን ከጎረቤት ነው የሰማሁት፤ እሷ ነግራኝ አታውቅም።

ስለ ትምህርቱ እስካሁን አልነገርኳትም። አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል። ስድስት ወር። ከዚያስ? ከዚያ የምመለስ አይመስለኝም። ይህን ጻፍኩትና ደነገጥኩ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። 11 ሰዓት

ሁለት መስመር። ባለካሬ ወረቀት ላይ። ቀዩ የእነሱ፣ ሰማያዊው የእኛ።

መጀመሪያ ያሰመርኩት ስህተት ነበር። የእኛ መስመር አንዱ ዓመት ላይ ተራራ ሆኖ፣ በሚቀጥለው ገደል ገባ። አንድ ቀን ሙሉ ምክንያት ፈለግሁለት። ድርቅ አልኩ፣ የመንገድ መበላሸት አልኩ። ለካ የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመት በመስከረም ይጀምራል፣ የእነሱ በእኛ ጥር ግድም፤ ፋይሉን ያዘጋጀው ጸሐፊ አንዱን የማር ወራት ሁለቴ ቆጥሮታል። ሁሉንም ላጵሼ አስተካከልኩ። ተራራው ጠፋ።

አሁን የሚታየው፦ የእነሱ ረጋ ብሎ ይሄዳል። የእኛ ይዘላል፣ ይወርዳል። አንዳንድ ዓመት እኛ ከላይ፣ አንዳንድ ዓመት እነሱ። በመጠን እንኳ አናንስም። ለአለቃዬ ሳሳይ ፊታቸው በራ። በቃ፣ አላነስንም፣ ይህን በሁለት ገጽ ጻፍና ጨርስ አሉ።

ግን ደብዳቤው ገዢ ለምን ሸሸን ነው የሚለው። መጠን ለዚያ መልስ አይሆንም። አልኳቸው። አወዳድሩ ተባልን፣ አወዳደርን አሉ። ከቢሮ ስወጣ ጫማዬ ጠበበኝ፤ ያው የትናንቱ ጫማ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ጠዋት ግቢ ነበርኩ። የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ ሦስት ጆንያ አወረደ። ከሳምንታት በፊት የሄደው የእትዬ ሰም ነው፣ ከአ.አ. ተመልሶ። ላኪው ነጋዴ አልቀበልም አለ፤ ፈረንጁ ገዢ ሙልሙሉን መሐሉ ላይ በቢላ ቆርጦ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ጣለው አለ ሾፌሩ። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ሠራተኞቹ ቀና አሉ።

እትዬ መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ነው አለች። ጆንያዎቹ ከዳሱ ሥር እንዲገቡ አዘዘች። ወደ እኔ አላየችም። ምሳ ላይ ስለ ጎመኑ ብዙ አወራች። ስለ ጎመን እንዲህ አውርታ አታውቅም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። 10 ሰዓት

ከተመለሰው ጆንያ ቁራሽ በመሐረብ ቋጥሬ አቶ በራሶ ዘንድ ሄድኩ። የሁለተኛው ማቅለጫ ባለቤት ናቸው። የቡሌ ሰው፣ ጌዴኦ፣ ሽማግሌ፣ የወንጌል አማኝ። ጠጅ አይቀምሱም። ሰፈፍ ከጠጅ ቤት አይገዙም፤ ቡሌ ካሉ ንብ አናቢዎች የንቡን እንጀራ ከነማሩ ነው የሚያመጡ። እትዬ ትስቅባቸዋለች። ጠጅ የማይጠጣ ሰው የሰፈፍ ነገር ምን ያውቃል ትላለች። ለዓመታት ሰላምታ ብቻ ነው ያላቸው።

ለጥናት ነው አልኳቸው፤ ውሸት አይደለም። ንጹሕ ሰም እንዴት ይለያል? የራሳቸውን ሙልሙል ሰብረው አሳዩኝ። ስብራቱ እንደ ቆሎ ቅንጣት ሻካራ ነው። ማኘክ ነው አሉ፤ ንጹሑ ጥርስ ላይ አይለጠፍም፣ አፍ አያወዛም። ከዚያ መሐረቡን ፈታሁ። ቁራሹን ቆርሰው አኘኩ። ብዙ አልቆዩም። ወደ ደጅ ወጥተው ተፉና አፋቸውን ተጉመጠመጡ።

«ይሄ ሰም ሞራ በልቷል» አሉ።

ከየት ነው አላሉኝም። ቋጠሮውን ራሳቸው መልሰው ቋጠሩልኝ። በር ላይ ስንደርስ እህቴን አነሡ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «እህትህ ጠንካራ ሰው ነው። ብቻውን ነው የሠራው። እኔ አልናገርም» አሉኝ።

መንገድ ላይ ምክንያት ስደረድር መጣሁ። ጠጅ ቤቶቹ ይሆናሉ የቀላቀሉ። ሾፌሩ ይሆናል የለወጠው። ሠራተኞቹ ይሆናሉ። ቤት ስደርስ ምክንያቶቹ ሁሉ አለቁ፤ ማውለቅ የረሳሁትን ኮት ለብሼ ግቢውን ስዞር እትዬ አመመህ እንዴ አለችኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ገበዝ መጡ። ለኅዳር ሚካኤል ጧፍ ሰም ፈለጉ። ዳሱ ሥር ሙልሙሉ ተደርድሮ ሳለ እትዬ አልፋው ወደ ጓዳ ገባች። በኮባ የተጠቀለለ ሌላ ሰም ይዛ ወጣች። ብጫ ነው፤ ሽታው ማር ነው።

ገበዙ ከሄዱ በኋላ ለምን ከዚያኛው አልሰጠሻቸውም አልኳት። ያ የውጭ ነው አለች። እንዲሁ፣ ሳታስብ። ከዚያ አሰበች። እኔም አሰብኩ። እሷ ቀድማ ዞረች።

ከዳሱ ጀርባ ሄድኩ። በጆንያ የተሸፈነ በርሜል አለ። ሁልጊዜም ነበር። ገለጥኩት፣ ከሥጋ ቤቶች የመጣ ሞራ ነው። ሽታው እንግዳ አልሆነብኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሰም ሽታ ነው ብዬ ነበር ያደግሁ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ። ማታ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ሠራተኞቹ ሳይገቡ፣ ጠየቅኋት። እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል የቀለጠ ሰፈፍ የያዘውን ጆንያ ይዘን እያጠመዘዝን ነው። ጆንያው ይጠባጠባል። ቃል በቃል ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት እለውጠዋለሁ።

«እትዬ፣ ሞራ ትጨምሪበታለሽ?»

እጇ አልቆመም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ከቅዳሜ።»

«እኔ ልጅ ሆነህ ይርጋለም ለትምህርት ከሄድክበት ዓመት ጀምሮ ነው የምጨምረው» አለች።

ከዚያ ጆንያውን አስቀመጠችና ተናገረች፣ ሳትቆጣ። ገዢው ሚዛን ላይ ይጥላል፣ ክብደቱን ያያል፣ ይሄዳል። በራሶ ንጹሑን ሰጠው፣ እሷ የተቀላቀለውን ሰጠችው፤ ለሁለቱም አንድ ዋጋ። ታዲያ ማን ምን ጠየቀኝ? ፈረንጅስ ቢሆን ጫማ ሊቀባበት አይደል? ለእግዜር ቤት አልቀላቀልኩም፤ እሱን እወቅልኝ አለች።

እኔ ስለ ታንጋኒካ አወራሁ። እዚያ ሰሙ ከመጫኑ በፊት እንደሚመረመር፣ እንደሚጣራ፣ ማኅተም እንደሚመታበት። ከወረቀት የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው የነበረኝ። ራሴን ጠላሁት።

«እዚያ የሚያይ ሰው አለ» አለች። «እዚህ ማን አየኝ?»

ወደ ቤት ገባች። እኔ እጄን እስከ ክንዴ ሰም ነክቶት ቢሮ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሦስተኛ ቀን ዝምታ። ምግብ ታስቀምጥልኛለች፣ ትወጣለች። የሷ ዝምታ ሥራ አለው፤ ማሰሮ ያነሣል፣ ደጅ ይጠርጋል። የእኔው ብቻ ነው የሚንቆራጠጥ።

ቢሮ ውስጥ ሰማያዊውን መስመር አየሁ። ይርጋለም የሄድኩበትን ዓመት ፈለግሁና ጣቴን አኖርኩበት። ምንም የለም። አንድ ግቢ የአገር መስመር አያንቀሳቅስም። ከፍ ቢል እንኳ፣ ዝቅ ቢል እንኳ የሆነ ነገር ቢታይ ምንኛ ደስ ባለኝ። አይታይም። እንግዲህ በየከተማው ስንት ግቢ አለ፣ የእኔ አይታይም ብሎ የሚቀላቅል? መጠኑ አለመቀነሱስ ከምን ነው? ስንቱ ሰም ነው፣ ስንቱ ሞራ? አላውቅም። የማወዳድረው ሰም ከሰም ጋር መሆኑን እንኳ አላውቅም።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ወረቀቱን ማየት ጠላሁ። ወጥቼ ገበያውን ሦስቴ ዞርኩ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ። 8 ሰዓት

ሁለት ዓይነት ጻፍኩ። አንደኛው ሁለት ገጽ፣ መስመሮቹና «በመጠን አናንስም»። ሁለተኛው አራት ገጽ። እዚያ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፦ በዲላ ከተማ ከሚገኙት ሁለት የሰም ማቅለጫዎች በአንደኛው ሞራ እንደሚቀላቀል ታውቋል። ቀጥሎ ሐሳብ፦ በየከተማው መርማሪ ይመደብ፤ ንጹሑ ማኅተም ይመታበት፤ ንጹሕ ከተቀላቀለው የተሻለ ዋጋ ያግኝ። የመጨረሻው የእትዬ ሐሳብ ነው፤ እሷ እንደዚያ ባትለውም።

አለቃዬ ሁለተኛውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። የቱ ማቅለጫ ነው አሉ። አንዱ ነው አልኩ። ያሉት ሁለት ናቸው አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ክፉ ሰው አይደሉም። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ለትምህርቱ የሚላኩት ስሞች በዚህ ሳምንት ይሄዳሉ። የራሱን ከተማ ገመና አደባባይ ያወጣ ሰው ስም አብሮ ሲሄድ አያምርም። ይህንን አላየሁትም ብለው መለሱልኝ። እስከ ዓርብ አንዱን አምጣ አሉ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሁሉም ቀላል ነው። አራቱን ገጽ ምድጃ ውስጥ መጣል። እትዬ ትድናለች፣ አለቃዬ ይረካሉ፣ እኔ እሄዳለሁ። የሚጎዳ የለም። ታዲያ እግሬ ለምን አያርፍም?

ከሥራ በኋላ በቡሌ መንገድ ሽቅብ ሄድኩ። ካፊያ። ማር የተሸከሙ ሰዎች ይወርዳሉ። አቶ በራሶ ከመካከላቸው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በእግራቸው። አብሬያቸው ተመለስኩ። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፦ ከአ.አ. የመጣው ገዢ ሰሞኑን ግቢያቸው ገብቶ፣ ያላቸውን ሙልሙል ሁሉ አንድ በአንድ በቢላ ቆረጠ። የዲላ ሰም ነው፣ አይታመንም አለ። ምንም አላገኘም። የተቆራረጠውን ግን እንዲህ ሆኖ አይጫንም ብሎ ትቶት ሄደ። እንደገና ሊያቀልጡት ነው።

ይህን ሲሉ ሳቅ አሉ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሸክማቸውን ልቀበል ብል እምቢ አሉ። የሚጎዳ የለም ብዬ ከላይ የጻፍኩትን አልሰርዘውም። እዚያው ይቀመጥና ልየው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። 12 ሰዓት፣ ከራት በፊት

እትዬ ዛሬ ቀድማ መናገር ጀመረች። የምትጽፈውን አንብብልኝ አለች። አራቱን ገጽ አነበብኩላት። በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ሳትገባ። ቀዩንና ሰማያዊውን መስመር አሳየኋት። ጣቷን ሳታስነካ አየችው። አንቀጹ ላይ ስደርስ ድምፄ ወረደ። ጮክ በል አለች።

ጨረስኩ። ከዚያ፦

«አንደኛው ማለት የቱ ነው?»

«አልጻፍኩም።»

«የኔ መሆኑን አልጻፍክም።»

«አልጻፍኩም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ግማሹ ሰው የበራሶ ነው ይላል» አለች።

የበራሶን ሙልሙሎች ነገር ነገርኳት። ሰምታዋለች፤ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። መቀነቷን ፈታች፣ አሰረች። በራሶን አልወደውም አለች። ሲያዩት ይኮራል፣ ሰላምታው ይቆጠባል። ግን ንጹሕ ነው። «የሱን ስም በኔ ሞራ አታቆሽሽ። ስሜን ጻፍ።»

የሚመጣውን ዘረዘርኩላት። ግቢው ሊታሸግ ይችላል። ፈቃዷ ሊነጠቅ ይችላል። ስለ ትምህርቱም ነገርኳት፣ በመጨረሻ። ለምን አልነገርከኝም አላለችም። ስድስት ወር ብዙ አይደለም አለች። ከዚያ በታንጋኒካ ሞራ ቀላቅላ የተገኘች ሴት ምን ትደረጋለች ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ አይልም አልኳት።

«እንግዲህ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም» አለች። «ጻፍ።»

ኅዳር 5፣ ዓርብ። 5 ሰዓት

ጻፍኩ። በብዕር። ወ/ሮ ዘነበች ገብሬ። ታች ፊርማዬ፦ ታደሰ ገብሬ። ያው ያባታችን ስም አንድ ገጽ ላይ ሁለቴ። ማንም የሚያነበው ያየዋል።

አለቃዬ ዘንድ ከመግባቴ በፊት መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር አስመታሁበት፤ የተመዘገበ ወረቀት አይጠፋም። አለቃዬ አነበቡ። ሁለቱ ስሞች ላይ ደርሰው ቆዩ። ግድግዳውን፣ የጃንሆይን ሥዕል አዩ፤ ወረቀቱን አዩ። ያቺ እህትህ ታውቃለች ወይ አሉ። እሷ ናት ያዘዘችኝ አልኩ። ግርጌው ላይ «ተመልክቼ አስተላልፌአለሁ» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ሳያዩኝ፣ ስለ ትምህርቱ ተስፋ እንዳላደርግ ነገሩኝ። አላደረግሁም አልኩ። ወር ሙሉ ሌላ ነገር ሳላስብ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

እትዬ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንደ ለበሰች አቶ በራሶ በር ድረስ ሄደች። እኔ መንገዱ ማዶ ቆምኩ፤ አትከተለኝ ብላ ነበር። ወጡ። ያለችውን አልሰማሁም፤ አጭር ነበር። ሰውየው ወንበር አወጡላት። አልተቀመጠችም። እሳቸውም አልተቀመጡም። ወንበሩ በመካከላቸው ባዶውን እንደ ቆመ ሲነጋገሩ ቆዩ።

ዛሬ የሞራውን በርሜል ሳሙና ለሚሠሩ ሰጠች። ለአራቱ ሠራተኞች ምክንያቱን ራሷ ነገረቻቸው። አንደኛዋ አለቀሰች፤ እትዬ ገሠጸቻት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

መርማሪው ከጠ/ግዛቱ መጣ። እንዲህ ቶሎ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ወጣት ነው፣ ከእኔ ያንሳል። አቶ በራሶ ግቢ ቆረጠ፣ አየ፣ ንጹሕ ብሎ ጻፈላቸው፤ ወረቀቱ ማኅተም አለበት ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቁ። እኛ ግቢ ሲመጣ እትዬ የተቀላቀለውንና ያልተቀላቀለውን ለይታ ደርድራ ጠበቀችው። የመጀመሪያውን ሊቆርጥ ሲል አትድከም አለችው፣ ይሄ ወገን በሙሉ የተቀላቀለው ነው። ሆኖም ቆረጠ።

ውሳኔው፦ ማቅለጫው ለሦስት ወር ይዘጋል። የተቀላቀለው በሰም ስም አይሸጥም። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ምርመራ። ትምህርቱን የሌላ አውራጃ ሰው አገኘው፤ ይህንንም የነገረኝ እሱው መርማሪው ነው፣ የማውቅ መስሎት።

እትዬ ውሳኔውን ቆማ ሰማች። የማቅለጫው በር ሲታሸግ የረሳሁት ማጣሪያ አለ ብላ ገብታ አንድ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ከተማው ያወራል። ቡና ቤት ስገባ ወሬው ይቋረጣል። አንዳንዱ እህቱን የሸጠ ይለኛል፣ አንዳንዱ ጀግና ይለኛል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ነው።

አለቃዬ ዛሬ ጠሩኝ። ወሬው እስኪበርድ አዋሳ ዝውውር ላስወስንልህ እችላለሁ አሉ። ቢሮው ትልቅ ነው፣ ሐይቅ አለ፣ መንገዱ ጥሩ ነው። ማዘናቸው ነው፤ ገባኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ በጽሑፍ መልስ ስጠኝ አሉ። እሺ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው።

ቤት ስገባ እትዬ የለችም። ጎረቤት ነገረችኝ። ወርቃ መንደር፣ አንድ የቡና ነጋዴ ማስጫ ላይ ቡና ለቀማ ሄዳለች፣ ከአራቱ ሠራተኞቿ ጋር። ሥራ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ፣ ብቻቸውን አልልካቸውም አለች አሉ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ። ወርቃ፣ ከሰዓት በኋላ

በቡና መኪና መጣሁ። አሸዋና ጭቃ ጠግቤአለሁ። የምጽፈው በጉልበቴ ላይ ነው።

እትዬ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ትለቅማለች። ከሠራተኞቿ መካከል ነች፤ ሩቅ ሆኖ የሚያያት አለቃቸው የቷ እንደሆነች አይለይም። ስታየኝ አልተነሣችም። ጥግ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ዝውውሩን ነገርኳት። ሂድ አለች። አዋሳ ቅርብ ነው፣ እኔ ልጅ አይደለሁም፣ የታሸገ በር መጠበቅ ላንተ ሥራ አይሆንም። እያለች እጇ ይለቅማል። እኔም እየሰማሁ መልቀም ጀመርኩ። ያለፈኝን ጥቁር ፍሬ ሳትናገር ከፊቴ ታነሣዋለች።

አጠገቤ ያለችው ሴት፣ ያን ቀን ያለቀሰችው፣ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እትዬም ሳቀች። ምን አለች ብዬ ጠየቅሁ። ቀስ ብሎ ይለምዳል ነው ያለችህ አለችኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጫለሁ። አልተነሣሁም። ይህን አሁን ነው ያስተዋልኩት።

መኪናው ሊመለስ ጡሩንባ እያሰማ ነው። እትዬ እንዳያመልጥህ ትለኛለች። ለአቶ መንግሥቴ የምጽፈውን እዚህ ላርቅቀውና ነገ በንጹሕ እገለብጠዋለሁ፦

ለተከበሩ አለቃዬ። ስለ ዝውውሩ ላሳዩኝ አሳቢነት አመሰግናለሁ። ሆኖም ማቅለጫው እስኪከፈት ድረስ ከዲላ መሄድ አልፈልግም። ምክንያቱም…